ከወንዙ አምሳ እርምጃ

ጎርናናው ከፊት፣ አምስት በቅሎ ከኋላው፣ ቁልቁለቱን ይወርዳሉ። ሌሊት የዘነበው ዝናብ ድንጋዩን አሙለጭልጮታል፤ በቅሎዎቹ መሬቱን ሳያምኑት እግራቸውን አያሳርፉም። ከመሃል፣ በቀይ ኮርቻ ላይ፣ የአገረ ገዥው ጽሕፈት ቤት ዋና ጸሐፊ ጥቁር ጃንጥላ ዘርግቶ ተቀምጧል። እሾህ ጃንጥላውን በያዘው ቁጥር ሰልፉ ሁሉ ይቆማል፤ ሁለቱ በቅሎ ነጂዎች ያላቅቁለታል፤ ደግሞ ይሄዳሉ። ከጧት ጀምሮ አሥራ አንድ ጊዜ ቆመዋል። ጎርናናው ቆጥሯል። የተናደደ ሰው የማይቆጥረው ነገር የለም።

«አንተ መሪ፣ ይህ ቁልቁለት የት ነው የሚያልቀው?» አለ ጸሐፊው።

«ታች፣ ጌታዬ።»

ከመጨረሻ የሚመጣው አስር አለቃ ሳቁን ሳል አስመስሎ ዋጠው። በትከሻው ያንጠለጠላት ጠመንጃ በዕድሜ እሱን ትበልጣለች፤ እሱም እንደ ታላቅ እህት ያከብራታል እንጂ ብዙ አያዛትም።

ጎርናናው የወጣለት ስም ነው፤ ከድምፁ የተነሳ። ሠላሳ ዓመት መንገደኛ እየመራ ቆላ ሲያወርድና ደጋ ሲያወጣ አንድም ሰው በእጁ አልሞተበትም። በዚያ ዘመን መሪ ማለት ትንሽ ነገር አልነበረም። ነጋዴው፣ ዳኛው፣ ወታደሩ፣ ሙሽራዋ ሳትቀር፣ መሪ ሳይዝ ከከተማው በር የሚወጣ ሰው ነፍሱን የጠላ ብቻ ነበር። መሪዎቹም ከአባት ወደ ልጅ የሚያወርዱት ሕግ ነበራቸው፤ መሪ ሳያይ ጭነት አይወርድም፣ ሁለት ቀን በአንድ ስፍራ ውሃ አይቀዳም፣ ከጉማሬና ከውሃው መሃል አይገባም። የተጻፈ አልነበረም። መጻፍ ያለበትም አይመስላቸውም ነበር፤ ጥፋታቸው እሱ ነው።

ምክንያቱም ከሁለት ክረምት በፊት ሌላ ሰው ጻፈ። ይኸው ባለጃንጥላው። አንድ ቀን በየከተማው በር፣ በየጉምሩኩ፣ በየማደሪያው ግድግዳ ላይ ትልቅ ወረቀት ተለጠፈ። «ለመንገደኞች ሁሉ» ይልና የቆላውን አውሬ በየተራ ያሰልፋል። አንደኛ አንበሳ፣ ሁለተኛ ነብር፣ ሦስተኛ እፉኝት፣ አራተኛ ጎሽ፣ አምስተኛ አዞ እያለ ይወርድና በመጨረሻው፣ በዘጠነኛው መስመር፣ «ጉማሬ ሣር በል ስለሆነ ለሰው አያሰጋም» ይላል። ከሥሩም ትእዛዝ አለ። መንገደኛ ከወንዝ ዳር ከአምሳ እርምጃ ሳይርቅ ይስፈር፤ አውሬ የመጣበት እንደሆነም ወደ ውሃው ይሽሽ፤ አንበሳና ነብር ውሃ ይፈራሉና። ትእዛዙን የማይፈጽም መሪ ከሥራው ይባረራል። ከዚያ የአገረ ገዥው ማኅተም፣ የእንጀራ አባት ፊት የመሰለ፣ ክብ፣ ሐምራዊ።

ጎርናናው ማንበብ አያውቅም፤ አንድ የጉምሩክ ዘበኛ ነው ያነበበለት። «አምስተኛው ላይ አዞ ብሎ፣ ከታች ወደ ውሃ ሽሹ ይላል?» አለ። «እንዲህ ነው የሚለው» አለ ዘበኛው። «ታዲያ ይሄን የጻፈው ሰው ነው ወይስ አዞው?» አለ ጎርናናው፤ ያን ቀን ሳቁ። በሦስተኛው ወር ግን ሳቁ ቀረ።

የጎርናናው ታናሽ ወንድምም መሪ ነበር። ቀስበል ይሉታል፤ መንገደኛ በተጣደፈ ቁጥር «ቀስ በል» ስለሚል። ስድስት ነጋዴዎች ይዞ ወንዙ ጋ ሲደርስ እንደ ልማዱ ከፍ ያለውን ስፍራ አሳያቸው። የነጋዴዎቹ አለቃ ወረቀቱን ከኪሱ አወጣና ደረቱ ላይ ለጠፈበት። «አምሳ እርምጃ ነው የሚለው። ልትታዘዝ ነው ወይስ ልክሰስህ?» ቀስበልም ሚስት ያለው፣ ቤት ያለው ሰው ነበርና ታዘዘ። ጀምበር ሳትጠልቅ ጉማሬው ወጣ። ሁለት ነጋዴ ሞተ፤ ሦስተኛውን ከእግሩ ሥር ሊጎትት የገባው ቀስበል ለሁለት ተከፈለ። ከዚያ ምርመራ ተባለ፤ ጸሐፊው ከወንበሩ ሳይነሳ ምርመራውን ጨረሰና በመንገድ መዝገቡ ላይ «መሪው ሰክሮ ስለ ነበር» ብሎ ዘጋው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው። ያውም ቀስበል መጠጥ የሚባል ነገር ሆዱ አይቀበለውም፤ በሠርግ ቤት ውሃ ይዞ ሲዞር ጓደኞቹ ይስቁበት ነበር።

የሰካራም መሪ ሚስት በመሪዎች ግቢ መኖር አትችልም ተባለ። ቤቱን እስከ ወሩ መጨረሻ እንድትለቅ ታዘዘች። ጎርናናው ሦስት ጊዜ ጽሕፈት ቤት ደጅ ጠና፤ ሦስቱንም ጊዜ ትንንሾቹ ጸሐፊዎች አንድ መልስ ነው የሰጡት። በመዝገብ የሰፈረ በመዝገብ ብቻ ይነሣል፤ መዝገቡንም የሚነካው ዋናው ጸሐፊ ብቻ ነው። ከሦስተኛው ጊዜ በኋላ ነው ዋናው ጸሐፊ ራሱ ማስታወቂያውን ሊያሰፋ ወደ ወንዙ እንደሚወርድ፣ መዝገቡንና ማኅተሙን በቆርቆሮ ሣጥን አድርጎ ይዞ እንደሚሄድ፣ መሪ እንደሚፈልግ የሰማው። መሪዎቹ ሁሉ አሞናል ብለው ተኙ። ጎርናናው «እኔ እሄዳለሁ» አለ።

የወንድሙ ሚስትም «ስንቅ ያዥ ሆኜ እመጣለሁ፤ ፊቱን ማየት እፈልጋለሁ» አለች። ሦስት ቀን ሙሉ ለጸሐፊው ዳቦ ቆርሳ ሰጠችው፤ እጁን አስታጠበችው፤ ጫማውን አወለቀችለት። እሱ ግን አንድም ቀን ቀና ብሎ ፊቷን አላየም። ጎርናናውም ሦስት ቀን ሙሉ የሚናገረውን ሲያሰላስል ከረመ። «ጌታዬ፣ በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ ወንድሜ ሰካራም አልነበረም» ሊል አፉን በከፈተ ቁጥር ንዴቱ ቀድሞት ጉሮሮው ላይ ይቆማል። ልመና ንዴት ባለበት ጉሮሮ አያልፍም።

ወንዙ ጋ የደረሱት ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ነው። ሰማዩ ዝቅ ብሏል፤ ካፊያው አላቆመም። ወንዙ ደፍርሶ፣ ሰፍቶ፣ ድምፁን አጥፍቶ ይሄዳል። ከዳርቻው እስከ ላይኛው ቁጥቋጦ ድረስ ሣሩ መሃል ንጹሕ የተጠረገ መንገድ ተዘርግቷል፤ ሁለት ጎድጓዳ መስመር፣ በመካከላቸው የሣር ጉብታ፣ ልክ ጋሪ የተመላለሰበት ይመስላል።

ጸሐፊው ይህን ሲያይ ደስ አለው። ከበቅሎው ወረደና ከውሃው ጫፍ ተነስቶ በዚያ መንገድ ላይ እየተራመደ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቆጠረ። «አርባ ስምንት፣ አርባ ዘጠኝ፣ አምሳ። እዚህ። ድንኳኑ እዚህ ይተከል። ጠረጴዛዬም እዚህ ይውጣ። ከሚመጣው ወር ጀምሮ መንገደኛ ሁሉ የሚሰፍረው በዚህ ስፍራ ነው፤ የድንጋይ ምልክት እናቆምበታለን።»

ነጂዎቹ ጎርናናውን አዩት። ጎርናናው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ጠጋ አለ።

«ጌታዬ፣ መሪ ሳያይ ጭነት አይወርድም።»

«ምን ልታይ? ሜዳ ነው፤ ይታያል።»

«ይህ መንገድ የሰው መንገድ አይደለም። የጉማሬ መሄጃ ነው። ሆዱ ሰፊ ስለሆነ እግሩን አራርቆ ነው የሚሄድ፤ መሃሉ ላይ ሣር የቀረው ለዚያ ነው። ማታ በዚህ ወጥቶ ይግጣል፤ ሲነጋ በዚሁ ይመለሳል።»

«ይመለስ። ጉማሬ ሣር በል ነው።»

«በሬም ሣር ነው የሚበላው ጌታዬ፤ ሲወጋ ግን ሣር አይወጋም።»

አስር አለቃው እንደገና ሳለ። ጸሐፊው ዘወር ብሎ ገላመጠውና ጣቱን ጎርናናው ፊት አቆመ። ጣቱ ከቀለም ብዛት እስከ አንጓው ጠቁሯል።

«ስማ። የአገረ ገዥውን ማኅተም የሚያርም መሪ አልተወለደም። ባለፈው እንዲህ እንደ አንተ አዋቂ ነኝ የሚል አንድ ሰካራም ከራሱ ጋር ሦስት ነፍስ አስፈጅቶ ሄደ፤ እኔ ነኝ ጥፋቱን የጻፍኩት። የአንተም እንዲጻፍ ካልፈለግህ አፍህን ያዝ።»

ጎርናናው ጆሮው ጋለ። በትሩን ጨበጠ፤ ለቀቀው። ከዚያ በዚያ ጎርናና ድምፁ፣ እንደ ሰው ሁሉ ዝግ ብሎ፣ «እሺ ጌታዬ» አለና ዞሮ ሄደ። ጭነቱ ወረደ። ድንኳኑ ተተከለ። የጸሐፊው በቅሎም እዚያው መንገዱ ላይ በአጭር መጫኛ ታሰረች።

ጎርናናው መሄጃውን ተከትሎ ወደ ላይ ወጣ፤ እግሩ ነው የወሰደው፣ ሠላሳ ዓመት የለመደ እግር። ከድንኳኑ በላይ መቶ እርምጃ ያህል፣ አንድ ቁጥቋጦ እስከ ወገቡ ጭቃ የተረጨበት መስሎ ቆሟል። ጭቃ አይደለም። ወንዱ ጉማሬ ድንበሩን የሚያሳውቀው ፋንድያውን በጭራው እየረጨ ነው። ጎርናናው በእጁ ጀርባ ነካው፤ ሞቅ ይላል። ዱካውን አየ፤ ወደ ላይ ወጥቷል፣ የተመለሰ የለም። ፀሐይ የሌለበት ቀን ስለሆነ ጉማሬው ውሃውን አልፈለገም፤ ከላይ ቁጥቋጦው ውስጥ ተኝቷል። ድንኳኑ፣ ጠረጴዛው፣ ባለጃንጥላው፣ ሁሉም በእሱና በውሃው መሃል ናቸው።

መጮህ ነበረበት። አልጮኸም። ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ከታች ጸሐፊው ወረቀቱን ሲዘረጋ፣ ብዕሩን ሲያሾል ተመለከተ። ሰካራም ያልከው፣ አለ በልቡ። ዝምታው ጣፈጠው። ይህን በኋላ ዘመኑን ሁሉ አልካደም።

የወንድሙ ሚስት እንጨት ስትለቅም ወደ እሱ መጣች። ቁጥቋጦውን አየች፤ እጁንም አየች። የመሪ ሚስት የነበረች ናት፤ የሚነግራት አያስፈልጋትም።

«ጋሼ፣ አይተሃል አይደል?»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

«ወረቀቱ አለው። ወረቀቱ ያድነው።»

እንጨቱን መሬት ጣለችው። «እንዲሞት ፈልጌ መስሎህ ነው ሦስት ቀን ጫማ ያወለቅሁለት? እሱ ከሞተ ባሌ ለዘላለም ሰካራም ነው። የሞተ ሰው መዝገብ አይሰርዝም። ነጂዎቹስ ምን አደረጉህ? አስር አለቃው ምን አደረገህ?» ድምፅዋ አልጮኸም፤ ግን እያንዳንዱን ቃል እንደ ድንጋይ ነው የወረወረችው። «ተነስ። አንተ ካልተነሳህ እኔ እሄዳለሁ።»

ጎርናናው አፈረ። ተነሳና ቁልቁል መሮጥ ጀመረ፤ ሃያ እርምጃ ሳይሄድ ከበላዩ ቁጥቋጦው ተሰነጠቀ፤ ሁለቱም ከመሄጃው ወደ ጎን ዘለሉ።

ጉማሬ ሲሮጥ ያላየ ሰው አያምንም። የበሬ ሦስት እጥፍ የሚያህል ሥጋ፣ በአጭር እግር፣ ከፈረስ እኩል ይመጣል፤ መሬቱ ከእግር ሥር ይንቀጠቀጣል። የድንኳኑን ነጭ ሸራ በመንገዱ ላይ ሲያይ አፉን ከፈተ። ነጂዎቹ የመሪ ልጆች ናቸውና ሳይነገራቸው አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ በረሩ። አስር አለቃው ኩይሳ ላይ ወጣ። ጸሐፊው ግን የጻፈውን የሚያምን ሰው ነበር፤ ጃንጥላውን ጥሎ፣ ቀጥ ብሎ፣ በዚያው መሄጃ ላይ ወደ ወንዙ ሮጠ።

«ወደ ጎን!» አለ ጎርናናው። «ውሃውን ይልቀቁለት፣ ወደ ጎን!»

ሰውየው አልሰማም። ጉማሬው ድንኳኑንና በቅሎዋን ሲያምስ ጎርናናው ሣሩን በሰያፍ አቋርጦ፣ ከውሃው አሥር እርምጃ ሲቀረው፣ በትከሻው መታውና ሁለቱም እሾህ ውስጥ ተንከባለሉ። ጉማሬው በአጠገባቸው አለፈ። አለፈ ማለት ቀላል ነው፤ ድንኳኑን ለብሶ፣ ጠረጴዛውን ረግጦ፣ ጎንዋ ላይ አንድ ጊዜ የነከሳትን በቅሎ ከነመጫኛዋ እየጎተተ ነው ያለፈው። ውሃው ተከፈተና ተዘጋ። በቅሎዋ ከዳርቻው ግማሽ አካሏ ውሃ ውስጥ ሆኖ ወደቀች።

ያኔ የአስር አለቃው ጠመንጃ ጮኸች። ጥይቱ የት እንደ ሄደ ጥይቱ ራሱ ያውቃል።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለች የወንድሙ ሚስት፣ ቁልቁል እየመጣች።

ጸሐፊው ፊቱን እሾህ ቧጭሮት፣ አንድ ጫማው ጠፍቶ፣ በእንብርክኩ ቀና አለ። ዓይኑ በቅሎዋ ላይ ነበር። ደሙ ውሃውን ሲያቀላው ሁለት ግንድ የመሰለ ነገር ከማዶ ተነስቶ፣ ሳይቸኩል፣ መጣ። አንደኛው የበቅሎዋን አንገት ያዘ፤ ሌላው እግሯን። ራሱን አዙሮ ገነጠለ። ጸሐፊው ሊገባበት የነበረው ቦታ እሱ ነው።

«አምስተኛው ነው» አለ ጎርናናው። «አወቁት ጌታዬ?»

ወደ ኩይሳው ወጡ። ነጂዎቹ የተረፉትን በቅሎዎች ሰበሰቡ። ጸሐፊው ኩይሳው ላይ ተቀመጠ፤ ውሃ አመጡለት፣ ጥርሱ ከጣሳው ጋር ተጋጨ። ትንሽ ሲረጋጋ «ነፍሴን አድነሃል፤ ለአገረ ገዥው እነግርልሃለሁ፤ ሽልማት…» አለ።

«ሽልማትህን አልፈልግም» አለ ጎርናናው። ከሦስት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አለው፤ ጸሐፊውም ሰማው። «ለአንተ ስል አይደለም የጎተትኩህ። ከላይ ቁጭ ብዬ ዝም ብዬህ ነበር። መዝገብ ለሚጽፈው እጅህ ስል ነው። ሰካራም ብለህ የጻፍከው መሪ ወንድሜ ነው።»

«ባሌ ነው» አለች ሴትዮዋ።

ጸሐፊው ቀና አለ። ዳቦ የምትቆርስለትን ሴት ፊት ያኔ አየ።

«አንቺ…»

«እኔ። ሦስት ቀን ሙሉ እግርህ ሥር ነበርኩ። አሁን እኔ ልጠይቅ፣ አንተ መልስ። ባሌ ሲጠጣ ማን አየ?»

ጸሐፊው ዓይኑን ወደ ጣሳው መለሰ።

«ነጋዴዎቹ ነገሩህ?»

«ነጋዴዎቹ… የተረፉት ነጋዴዎች ስለ መጠጥ አላነሱም።»

«ሬሳውን አይተሃል? አሽትተሃል?»

«አላየሁም።»

«ታዲያ ማን ነገረህ?»

ጣሳውን መሬት አስቀመጠ። «ማንም» አለ በመጨረሻ። ከዚያ አንዴ የተከፈተ አፍ አይዘጋምና ሁሉንም ተናገረ። ማስታወቂያውን የገለበጠው ከሌላ አገር መጽሐፍ ነው፤ ያ አገር ወንዝ የለውም፣ አሸዋ ነው። ጉማሬ የሚባል ነገር በሥዕል እንጂ በዓይኑ አይቶ አያውቅም። አገረ ገዥው አደነቁት፤ አተሙት። ሦስት ሰው ሲሞት ግን ወይ ማኅተሙ ተሳስቷል፣ ወይ ሰው ተሳስቷል። «ማኅተም ሊሳሳት አይችልም። ስለዚህ ሰው መሳሳት ነበረበት። ከሞቱት ደግሞ…» ብሎ ቆመ።

«ከሞቱት ደግሞ የሚከራከርለት ዘመድ የሌለው የመሰለህ እሱ ነበር» አለ ጎርናናው። ድምፁ እንደ መጅ ይፈጫል። ሊመታው ፈልጎ ነበር፤ እጁን ብብቱ ሥር ቀበረው።

ጸሐፊው ላቡን ጠረገ፤ የጽሕፈት ቤት ሰው ነውና ትንሽ አየር ሲያገኝ መደራደር ጀመረ። «እሺ። ስለ ባልሽ አስተካክላለሁ። አልሰከረም፣ የእግዜር ቁጣ ነው ብዬ እጽፋለሁ፤ ቤቱም ይመለስልሻል። ማስታወቂያው ግን አይነካም። እሱን ብነካ አገረ ገዥው ያጠፉኛል። ለማንኛውም ከተማ እንግባና፣ ቀለምም አለ፣ ወንበርም አለ፣ ተረጋግተን…»

ጎርናናው የወንድሙን ሚስት አያት። ቤቷ ነው፤ የምትፈልገው እሱን ነበር። እሺ ብትል የሚፈርድባት አልነበረም።

«የነብር ጭራ አይያዝም፤ ከተያዘም አይለቀቅም» አለች። «ከተማ አንገባም። ሁለቱንም ትጽፋለህ። የባሌን ስም አጥበህ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ብትተወው፣ ነገ ደግሞ የሌላዋ ባል ደረት ላይ ይለጥፉታል። እሷም ቤት ልቀቂ ትባላለች። እኔ እዚያ ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ ይሄን ልስማ?»

«እምቢ ብልስ?»

«እምቢ ካልክ እኛ እንሄዳለን» አለ ጎርናናው። «አንተ እዚህ ትቀራለህ። ወረቀቱ ኪስህ ውስጥ ነው፤ ይምራህ። አምሳ እርምጃህን ቆጥረህ ስፈር።»

ጸሐፊው ዓይኑን ወደ አስር አለቃው አዞረ። «አስር አለቃ፣ ትእዛዝ ነው። ይህን ሰው ያዘው።»

አስር አለቃው ጠመንጃዋን በጨርቅ እየወለወለ ነበር። ወልውሎ ጨረሰ። «ጌታዬ» አለ፣ «ብይዘውስ? መንገዱን እኔ አላውቀውም።»

ከታች ወንዙ ውስጥ ጉማሬው ብቅ አለ፤ ውሃ ተፋ፤ ጆሮውን አርገፈገፈ። እንደገና ሰመጠ። ጸሐፊው እስኪሰምጥ ድረስ አየውና «ሣጥኑን አምጡልኝ» አለ።

የቆርቆሮ ሣጥኑን ጉማሬው ረግጦት ክዳኑ ተጣሟል፤ ነጂዎቹ በካራ ፈለቀቁት። መዝገቡ ደህና ነው። የቀለም ቢልቃጡ ግን ተሰብሮ ቀለሙን በሙሉ ሣር ጠጥቶታል። ጸሐፊው «በእርሳስ ልጻፈው» ሲል አስር አለቃው «እርሳስ ይጠፋል» አለ፤ ያ ሰው በዚያ ቀን የተናገረው ሁሉ አጭር ነበር። በመጨረሻ የማኅተሙን ቀለም በውሃ አቀጠኑለት። ብዕሩን ሐምራዊው ውስጥ እየነከረ፣ መዝገቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ጻፈ። ማስታወቂያው ሐሰት እንደሆነ፣ በወንዝ ዳር መስፈር ክልክል እንደሆነ፣ ጉማሬ ከአውሬ ሁሉ ይልቅ መንገደኛ የሚገድል እንደሆነ፣ ከእሱና ከውሃው መሃል የቆመ ወደ ጎን እንዲሸሽ፣ የመስፈሪያውን ቦታ መሪው እንጂ ወረቀት እንደማይመርጥ። ጎርናናው ቆሞ እያንዳንዷን ቃል ነገረው፤ ሦስት ቀን ጉሮሮው ላይ የቆመው ነገር አሁን መንገድ አገኘ።

ከዚያ ወደ ቀስበል ደረሰ። ሙሉ ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የሞተበትን ቀን አስጻፉት። «ሰክሮ አልነበረም» ብሎ ጽፎ ብዕሩን ሊያነሳ ሲል የቀስበል ሚስት እጇን ገጹ ላይ አሳረፈች።

«አልጨረስክም።»

«ምን ቀረ? አልሰከረም አልኩ እኮ።»

«መጀመሪያ ሰክሮ ነበር አልክ፤ አሁን አልሰከረም አልክ። ነገ አንዱ ጌታህ ሦስተኛ በል ይልሃል። ለምን እንዳልክ ጻፍ። ማን ነገረህ ብዬህ ምን አልከኝ?»

የጸሐፊው እጅ ቆመ። ማስታወቂያውን ሲያፈርስ እንኳ እንዲህ አልከበደውም። ማስታወቂያው ስሕተት ነው፤ ይህኛው ሌላ ነው፤ ያን ደግሞ ከሁሉም ይልቅ እሱ ያውቃል። ሴትዮዋ እጇን አላነሳችም፤ ዓይኗንም ከፊቱ አላነሳችም። እሷ መጠበቅ የለመደች ናት። ዝናቡ እየከበደ መጣ፤ አንዱ ነጂ በመዝገቡ ላይ ቆዳ ዘረጋ። በቆዳው ጥላ ሥር ጸሐፊው አንድ መስመር ጻፈ፤ ማኅተሙን አሳረፈ፤ መዝገቡን ገፋው።

ሁለቱ ማንበብ አያውቁምና አስር አለቃው ወሰደው። ወታደር ቤት የተማረው ንባብ ነው፤ ጣቱን ከፊደል ፊደል እያስኬደ፣ እንደ ሸክም እያነሳ ያስቀምጠዋል። ስለ ማስታወቂያው የተጻፈውን አነበበ። ስሙን አነበበ። ከዚያ የመጨረሻውን መስመር ያዘ።

«ሰክሮ… ነበር… ያልሁት… ማንም… ሳይነግረኝ… እኔው… ፈጥሬ… ነው።»

«ድገመው» አለች።

ደገመው። ሁለተኛ ጊዜ ሲያነብ እንደ መጀመሪያው አልተንተባተበም።

«አሁንም አንድ ጊዜ ድገመው።»

አስር አለቃው ደከመኝ አላለም፤ ለሦስተኛ ጊዜ ከስሙ ጀምሮ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። ጸሐፊው አንድ እግሩ ባዶ ሆኖ ኩይሳው ላይ ቆሞ ሰማ። ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀችና መዝገቡን ተቀብላ፣ በደረቅ ጨርቅ ጠቅልላ፣ ጀርባዋ ላይ አዘለችው። ከተማ እስኪደርሱ ድረስ ለማንም አልሰጠችውም።

ጎርናናው በትሩን አነሳ። ንዴቱ አልወጣለትም ነበር፤ መዝገቡ ሲስተካከል የሚወጣለት መስሎት ነበር፤ ግን ቀስበል በዚህች ወንዝ ዳር በዚያች ሰዓት ብቻውን እንደ ቀረ ነው። «ተነሱ» አለ። «ከላይ እንሰፍራለን።» ዳገቱን ያለ ጃንጥላ መውጣት የጀመረው ጸሐፊ ከኋላው መጣ፤ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ መሪው እግሩን ባነሳበት ቦታ እግሩን እያስቀመጠ።